ሌቭል ሁለትና ሌቭል ሁለት

እኔ የምለው፣ «ሙያህ ምንድን ነው?» ሲባሉ ቶሎ የሚመልሱ ሰዎች አያስቀኗችሁም? «ሐኪም ነኝ» ይላል፤ አለቀ። «ሹፌር ነኝ» ይላል፤ አለቀ። እኔ ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። መልሱ ረጅም ነዋ! ረጅም መልስ ያለው ሰው ደግሞ እውነቱን ሲናገር እንኳ የሚዋሽ ይመስላል።

ልንገራችሁ። የምሠራው ሰበታ፣ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ተማርኩ። ሌቭል ሁለት ደረስኩና የብቃት ፈተናውን አለፍኩ። ሌቭል ሦስት ልቀጥል ስል ሰፈሩን ዞር ብዬ ባይ ሁሉም ኤሌክትሪክ ተምሯል። ፈራሁ። ሁሉም ሽቦ ከያዘ ለእኔ ምን ይቀረኛል ብዬ ቧንቧ ገባሁ። ቧንቧም ሌቭል ሁለት ደረስኩ። ሌቭል ሦስት ልቀጥል ስል ደግሞ ውሃ ጠፋ። ሰፈራችን ውሃ የምትመጣው በስንት ቀን አንዴ ሆነ፤ ያውም ስታስነጥስ ቆይታ ነው። ውሃ በሌለበት አገር ቧንቧ ሠራተኛ ምን ይበላል? እሱንም ተውኩት። እንግዲህ ሌላው ሰው ጎበዝ ሆኖ ነው ሁለት ሙያ የሚይዘው። እኔ ሁለት ጊዜ ፈርቼ ነው።

ባለቤቴ አስቴር እንዲህ አይደለችም። ዓለም ገና፣ ጅማ መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ፎቶ ኮፒ ብቻ። ጎኗ ያለው ሱቅ ሞባይል ይጠግናል፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ላሚኔት ያደርጋል፣ የዶሮ መኖ ይሸጣል። «አንቺስ ለምን ትንሽ መኖ ነገር…» ብዬ ስጀምር ወዲያው ታቋርጠኛለች። አንድ ደንበኛ እዚያ ሱቅ ዲግሪውን ላሚኔት ሲያስደርግ አንዲት የበቆሎ ፍሬ አብራ ታሸገችበት። ሰውየው እስከ ዛሬ ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ ማዕረጉን ትተው ስለ በቆሎዋ ነው አሉ የሚጠይቁት። አስቴር ይህን ከነገረችኝ በኋላ መኖ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ታዲያ ኮምፒውተሯን የገዛችው ያገለገለ ነው። ውስጡ የድሮው ባለቤት ሳያጠፋው የቀረ ጨዋታ ተገኘ። ጫካ ያለበት፣ ዘንዶ ያለበት፣ የራስን ሰው ፈጥሮ የማሳደግ ዓይነት ጨዋታ። ገና ስትከፍቱት ምን ብሎ የሚጠይቅ ይመስላችኋል? ሙያህ ምንድን ነው! ይኸው፣ እዚያም አልተላቀቀኝም። እነሱ «ክላስ» ይሉታል። ተዋጊ አለ፣ አስማተኛ አለ፣ ፈዋሽ አለ፣ ሌባ አለ። አዎ፣ ሌባም እዚያ ሙያ ነው፤ ሌቭል ሁሉ አለው። አውሬ በገደላችሁ፣ ሰው ባዳናችሁ ቁጥር አንድ ሌቭል ታገኛላችሁ። ያቺን ሌቭል ወይ በያዛችሁት ሙያ ላይ ትጨምሯታላችሁ፣ ወይ አዲስ ሙያ ትጀምሩባታላችሁ። ምርጫው የናንተ ነው። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ምርጫ ነው።

አስቴር ፈዋሽ ፈጠረች። ስሟን «እማሆይ» አለቻት። ደንበኛ ሲጠፋ እማሆይን ይዛ ጫካ ትገባለች። ያገኘችውን ሌቭል ሁሉ ፈውስ ላይ ታደርጋለች። ሰይፍ ቢሏት አትሰማ፣ አስማት ቢሏት አትሰማ። ፈውስ፣ ፈውስ፣ ፈውስ። አሁን እማሆይ ሌቭል አሥራ አንድ ናት፤ የሞተ ታስነሳለች።

እኔስ? ተዋጊ ሆኜ ጀመርኩ። ሌቭል ሁለት ስደርስ ያቺ የማውቃት ፍርሃት መጣች። ሰይፍ የማይበሳው አውሬ ቢያጋጥመኝስ? ስለዚህ አስማት ጨመርኩ። አስማቱም ሁለት ደረሰ። ከዚያ ከስሜ በላይ በትልቁ «ሌቭል 4» የሚል ወጣ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ ከሁለት በላይ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ደስታዬ ግን ተኩላ እስኪመጣ ነበር። ለካ እዚያ ጨዋታ ላይ ብረት የለበሰ ሰው ድግምት መድገም አይችልም! ድግምቱን ልጀምር ብዬ ብረቱን አወለቅኩ። ብረቱን ሳወልቅ ተኩላው ነከሰኝ። ሲነክሰኝ ሰይፍ አማረኝ። ሰይፉን ሳነሳ ድግምቱ ተቋረጠ። በዚህ መሀል ተበላሁ። አስቴር ከት ብላ ሳቀችና «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለችኝ። ባሏ በተኩላ ተበልቶ ተረት ትተርታለች!

የሱቁ አከራይ ኦቦ ደቻሳ ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው ያያሉ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በእርሻ ነው፤ አሁን እርሻው ላይ ሱቅ በቅሎበታል። በየጠዋቱ «አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ» ብለው ይገቡና ኮምፒውተሩ ፊት በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። እንግሊዝኛ አያውቁም። ጨዋታው ግን ከእኔ ይልቅ ገብቷቸዋል። የተበላሁ ቀን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ከብት እንኳን ወይ ለወተት ነው፣ ወይ ለእርሻ ነው» አሉኝ። በማግስቱ እማሆይ ጫካ ውስጥ ብቻዋን ተከባ፣ የምትመክትበት በትር እንኳ አጥታ ስትንቀጠቀጥ አዩ። ወዲያው ዞር አሉና «ሰው ሁለት ባላ መትከል አለበት፤ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ይንጠለጠላል» አሉ።

«ኦቦ፣ ትናንት ሌላ ብለውኝ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

«ትናንት የነገርኩህ ስለ ከብት ነው» አሉ።

በእሳቸው አልፈርድም። የጥንት አባቶችም አልተስማሙም። አንዱ «ሁለት ባላ ትከል» ይላል። ሌላው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል። ሁለቱ ተራቾች ጎረቤት ቢሆኑ ኖሮ በድንበር ይካሰሱ ነበር። እኛ ልጆቻቸው የቱን እንስማ?

ቡራዩ የእህቴ ባል አለ። ባጃጅ ይነዳል፤ ደግሞም የቤት ደላላ ነው። ሁለቱን ሙያ በየሰዓታቸው ቢይዛቸው ማን ምን ይለዋል? እሱ ግን አንድ ላይ ነው የሚሠራቸው። አንድ ቀን ጥርሱን ያመመው ሰው አሳፍሮ ወደ ክሊኒክ ሲወስድ፣ «መንገዳችን ላይ አንድ ቆንጆ ቤት አለ፣ ዓይተነው እንለፍ» አለው። ሰውየው ጉንጩ አብጦ ስለነበር እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ሦስት ቤት አየ። ጥርሱን ሊያስነቅል የወጣው ሰው ሁለት ክፍል ከነኩሽናው ተከራይቶ ገባ። ጥርሱ እስካሁን አለ። ቤቱን ግን ወዶታል አሉ።

እንግዲህ አንድ ሙያ ይሻላል ልትሉ ነው። ቆዩ። ሱሉልታ ደግሞ የአጎቴ ልጅ አለ፤ ዲሽ ሠሪ። የሚያውቀው አንዲት ሳተላይት ብቻ ነው። እሷን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያገኛታል። ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ሳህኑን በእጁ ይዞ ሰማዩን አሸት ያደርጋል፣ በቃ፣ ሥዕሉ ጥርት ይላል። ከጫንጮ ድረስ ይጠሩት ነበር። አንድ ቀን ቻናሎቹ ተጠራርተው ሌላ ሳተላይት ላይ ሰፈሩ። አገር ምድሩ «ና አዙርልን» ቢለው ምን አለ መሰላችሁ? «እኔ እሷን አላውቃትም።» አሁን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ወጥቼ አዲሷን ልልመዳት ቢል ያቺ የድሮዋ ትታየዋለች።

እኔ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ስዋዥቅ ነው ቅጹ የመጣው።

ፋብሪካችን አዲስ መዋቅር ሠራ ተባለ። ተቀጥራችሁ የምታውቁ ከሆነ «መዋቅር» ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል፣ ወንበሮች ይነሳሉ፣ ከዚያ ተቀመጡ ይባላል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የጥገና ክፍል ባለሙያዎች ሌቭል አራት መሆን ይጠበቅባቸዋል፤ ከዚያ በታች የሆኑት እንደ ሁኔታው ይታያሉ» የሚል ተለጠፈ። እንደ ሁኔታው ይታያሉ! ዶክተር እንኳ ጥሩ ነገር ሲያይ «ደህና ነህ» ነው የሚለው። «እንደ ሁኔታው እናየዋለን» ካለ በጊዜ ዘመድ መጥራት ነው። ሌቭል አራት ያላቸው መላኩ ኤሌክትሪሽያኑና ማርቆስ ቧንቧ ሠራተኛው ማስታወቂያውን አንብበው እያፏጩ ሄዱ። እኔ ፊደሉ እስኪደበዝዝ አነበብኩት።

ማስረጃም ይጣራል ተባለ። በዚያ ሳምንት የአስቴር ሱቅ በር ላይ ሰው ተሰልፎ ሰርተፊኬቱን ኮፒ ያስደርጋል። ሁሉም ክሊር ባጉን ደረቱ ላይ አቅፎ ነው የሚቆመው። የእውነት ሰርተፊኬት ያለው ሰው ሁሉ ሳይቀር የሰረቀ ይመስላል። እኔም ቅጼን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ለሙያ አንድ መስመር አለ። እዚያ ላይ በደቃቁ «ኤሌክትሪክና ቧንቧ» ብዬ አጣበብኩት። ለሌቭል ግን የተሰጠችው አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት። አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምትይዘው። ሁለት ብዬ ልጻፍ? የየትኛው ሁለት? አንዱን ብጽፍ ሌላውን የት ጣልኩት? የለፋሁበት ነው እኮ!

«አስቴር፣ ሁለት እና ሁለት ይዤ ሳለ ጨዋታው ስንት ነበር የሚለኝ?» አልኳት።

«አራት» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ኦቦ ደቻሳም ከበርጩማቸው ላይ «ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ አራት ነው» ብለው መሰከሩልኝ። ሁለት ምስክር ካለ ምን ቀረ? ሳጥኗ ውስጥ አራት ጻፍኩ። ወስጄ አስገባሁ። ማኅተም ሲያርፍበት «ጧ» አለ። ያኔ ነው የገባኝ።

ከሥራ መሰናበት አንድ ነገር ነው። ፎርጅድ ተብሎ መሰናበት ግን ሌላ ነው። ፎርጅድ የተባለ ሰው ስሙ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከሰበታ እስከ ተጂ ባለ ፋብሪካ በር ሁሉ ላይ ዘበኛው ሳይቀር ያውቀዋል። ለአስቴር ስነግራት እጇ ላይ የነበረውን ወረቀት አስቀመጠች። «እኔ የነገርኩህ ስለ ተኩላው ነው! አንተ ሰውዬ፣ ቅጽ እየሞላህ መሆንህን ለምን አልነገርከኝም?» አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አሁን ምን ይሉህ ይሆን?» አለች። እሷ ስትፈራ ማየት የራሴን ፍርሃት አስረሳኝ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አላስረሳኝም። ሁለት አደረገው።

በአራተኛው ቀን የሰው ኃይል ቢሮ ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሀል ላይ የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ሰናይት ናቸው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ወንዶች። ቅጼ ጠረጴዛው ላይ አለ። አራቷ በቀይ ተከባለች።

«አቶ ታደሰ፣ ይቺ አራት በየትኛው ሙያ ናት?» አሉኝ ወይዘሮ ሰናይት።

እንደዚያ በተጨነቀ ሰዓት መዋሸት የሚችሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልቻልኩም። ከሥር ከመሠረቱ ተናዘዝኩ። ሁለቱን ሰርተፊኬት፣ ጨዋታውን፣ ብረቱን፣ ድግምቱን፣ ተኩላውን ሁሉ። ተኩላው ላይ ስደርስ በስተቀኝ ያሉት ሰውዬ መጻፍ አቆሙ።

ወይዘሮ ሰናይት መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ታደሰ፣ ሁለት ጊዜ አራተኛ ክፍል የተማረ ሰው ስምንተኛ ክፍል ደረሰ ይባላል?»

ምናለ ይቺ ጥያቄ ቅጹን ከመሙላቴ በፊት በመጣችልኝ! «አይባልም» አልኩ። በስተቀኝ ያሉት ሰውዬ «እንግዲህ ይሄ ማጭበርበር ነው» አሉ። ስሜ ሰሌዳው ላይ፣ ከነአያቴ ስም ታየኝ።

ይህን ጊዜ በሩ ተበርግዶ አንዲት የምርት ክፍል ሠራተኛ ገባች። የውሃ ፓምፑ ቆሟል፣ ምርት ቆሟል፣ መላኩና ማርቆስ ደግሞ ተጣልተዋል አለች። ሦስቱም ተነስተው ወጡ። እኔን ማንም ና አላለኝ፤ ቅርም አላለኝ። ተከተልኳቸው።

ፓምፕ ቤቱ ወለሉ ውሃ ሞልቷል። ሞተሩ ዝም ብሏል። መላኩ ከበሩ በስተግራ፣ ማርቆስ በስተቀኝ ቆመው ይጯጯኻሉ። መላኩ፣ ቧንቧ ነው የፈነዳው፣ ወለሉ ሳይደርቅ እኔ እዚህ አልገባም ይላል። ማርቆስ፣ በጌታ ስም፣ ሽቦው ውሃ ነክቷል፣ ኃይሉ ሳይቋረጥ እግሬን አላስገባም ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሌቭል አራት ናቸው እኮ! ችግሩ አንዱ ሌላውን «መጀመሪያ ያንተን ጨርስ» ማለቱ ነው።

ይኼኔ ሁለቱንም ሙያ የማውቀው እኔ ነኝና ዘልዬ ገብቼ ጠገንኩት የምላችሁ መስሏችኋል። ወይ ፍንክች! ውሃ ኤሌክትሪክ ሲነካ ምን እንደሚሆን ከውሃው ወገንም ተምሬያለሁ፣ ከኤሌክትሪኩ ወገንም ተምሬያለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም እጥፍ ነው የፈራሁት። በር ላይ የነበረች ብሎኬት ላይ ወጣሁና ጮኽኩ። «መላኩ፣ ዋናው ማብሪያ ውጭ ነው ያለው፣ ሂድ አጥፋ! ማርቆስ፣ መጥፋቱን በዓይንህ ሳታይ አንዲት እርምጃ እንዳትገባ! ሲጠፋ የውሃውን መዝጊያ ዝጋ! ኧረ ማሎ፣ ሰው እንዳታስገድሉብኝ!»

ከድንጋጤዬ ብዛት ይሁን እንጃ፣ ታዘዙ። መላኩ ሄዶ አጠፋ። ማርቆስ ዓይቶ ገባ፤ መዝጊያውን ዘጋ፤ የተበጠሰውን ጎማ ቀየረ። ውሃው ተጠረገ። መላኩ ተመልሶ ሽቦውን ፈታ፣ አደረቀ፣ አሰረ። ማብሪያው ሲነሳ ፓምፑ አጉረመረመና ተነሳ። እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን ከብሎኬቷ አልወረድኩም። እጄ ደረቅ፣ ጫማዬ ደረቅ።

ቢሮ ተመለስን። ወይዘሮ ሰናይት «ማን ነው የጠገነው?» አሉ።

«እነሱ ናቸው» አልኩ።

«እርስዎስ ምን አደረጉ?»

«እኔ ፈራሁ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ውጭ ጠብቅ ተባልኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሯ ያጥራል፤ እዚያ ላይ ተቀምጬ አብሬያት ተንቀጠቀጥኩ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንዴ ሳቅ ሰማሁ። ሳቁ ለደግ ነው ለክፉ? ሳቅ እኮ እንዲህ ነው፤ በር ዘግታችሁ ስትሰሙት ክፉው ከደጉ አይለይም።

በኋላ አንድ ፖስታ ሰጡኝ። ውስጡ ሁለት ደብዳቤ አለ። አንደኛው «ቅጽ በአግባቡ ባለመሙላት» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛውን ሳልገልጠው ኪሴ ከተትኩት፤ መልሼ አወጣሁት። እንደምንም ከፈትኩት። «የጥገና ቡድን አስተባባሪ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ልብ በሉ፣ ሰው እንዴት ዝም ብሎ አይሄድም? ተመልሼ ገብቼ «ይሄ መደብ ስንት ሌቭል ይጠይቃል?» ብዬ ጠየቅኩ! ወይዘሮ ሰናይት መዋቅሩን ገለጡ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ወሰዱ። ሌቭል በሚለው ሳጥን ውስጥ ያለው ሰረዝ ነው።

«ምንም» አሉ።

ሮጬ ዓለም ገና ደረስኩ። ለአስቴር ደብዳቤውን ሰጠኋት። አንብባ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ተመስገን» አለች። ኦቦ ደቻሳም መረቁኝ። ቆየት ብላ ግን ዓይኗ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። «ና እስቲ» አለችኝ። የጨዋታውን መንደር ከፈተች። መሀል ላይ፣ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። እኔ ልብ ብዬው አላውቅም። ይህ ሰው አይዋጋም፣ አያክምም፣ አይደግምም አለችኝ። የመጣውን ሁሉ «ጫካ ሂድና ተኩላ ግደል፣ ተራራ ውጣና ቅጠል አምጣ» እያለ ይልካል። እማሆይን ራሷን ስንት ጊዜ ልኳታል። እሱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። «ይኸው፣ ይሄ ነው የሆንከው» አለችኝ።

ሰውየውን አየሁት። እጁን አጣምሮ ቆሟል። ያቺ የማውቃት ፍርሃት መጣች። «ዘንዶው መንደር ቢገባስ? ይሄ ሰውዬ ይሞታል?» አልኳት።

«አይሞትም።»

«ለምን? ክላሱ ምንድን ነው?»

«ክላስማ የለውም» አለች አስቴር። «ለዚህ እኮ ነው የማይሞተው።»